የመኪናው ፊትና የመኪናው ልብ

አንባብያን ሆይ፤ ሰው አርባ ዓመት ሲሞላው ከመስተዋት ጋር ወዳጅነት እንደሚያጠብቅ ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። አንዱ ሽበቱን ይነቅላል፤ ሌላው ጢሙን አሳድጎ ይሞክርና መልሶ ይላጨዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለብሶት የማያውቀውን ቀይ ክራቫት ያስራል። ልቡን ለሐኪም የሚያሳይ ግን ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ይህ ጠባይ የሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ መኪናም ዕድሜዋ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ይኸው ፈተና ይመጣባታል። ይህንን ያስተማረኝ በባሌ፣ በሮቤ ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው።

ባለፈው ሰሞን ስልክ ደወለልኝና ሰላምታውን እንደ ጨረሰ፣ «ጋሼ፣ መኪናዋን ፊቷን ላስቀይራት ነው፤ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እኔም የቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እርሱ ግን አልሣቀም።

መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ስቴሽን ዋገን ናት፤ የተሠራችውም እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። (የፋብሪካ ነገር ስናነሣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንቁጠረው፤ አለዚያ ሒሳቡ ይምታታብናል።) የአክስቴ ልጅ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ከገዛት ሃያ ዓመት አልፏል። ሁለት ክብ የፊት መብራት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተርና በአራቱም ጎማ ላይ ባሌስትራ አላት። አራት ልጆች አሳድጋለች። ስንዴ ከማሳ፣ ነፍሰ ጡር ወደ ጎባ ሆስፒታል፣ አማት ከዶሎ መና አመላልሳለች። በጃፓን አገር ብትሆን ኖሮ ከብረት ማቅለጫ ከገባች ብዙ ዘመን በሆናት ነበር፤ በባሌ ግን ገና የዕድሜዋ እኩሌታ ላይ ናት።

አሁን የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሊድር ነው። ሙሽራው የዶሎ መና ልጅ ስለ ሆነ ሰርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ከሮቤ ተነሥቶ፣ በጎባ አልፎ፣ የሳነቲን አምባ አቋርጦ ወደ ቆላ ይወርዳል። «ታዲያ ልጄን በዚች አሮጌ ፊት ልሸኛት?» አለኝ። አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሱማሌ ተራ ሰው ልኮ ከ1987 በኋላ የወጣውን ባለ አራት ማዕዘን መብራት ሞዴል ሙሉ ፊት አግኝቷል። ግሪሉ፣ አራቱ መብራት፣ ፓራውልቱ፣ ሁሉም ተሟልቷል። የባትላሜራውና የቀለሙ ሥራ ሲጨመርበት ደግሞ ለሰርጉ ዓመት ካጠራቀመው ገንዘብ ጥሩ አድርጎ ይነክሳል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን የሳነቲን መንገድ አውቀዋለሁ። ስለዚህ፣ «ፊቱን ሳትገዛ እኔ መጥቼ ልያት» አልሁት።

ወደ ሮቤ ከመነሣቴ በፊት ግን ፋብሪካው ራሱ መኪናን እኩል ዕድሜዋ ላይ ሲያድስ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ፈለግሁ። ጃፓኖች ለዚህ ነገር የተለየ ስም አላቸው፤ ከእንግሊዝኛ ወስደው «ማይነር ቼንጅ» ይሉታል፤ ትንሹ ለውጥ ማለት ነው። አንድ ሞዴል ከወጣ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሲሞሉት፣ ሙሉ በሙሉ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ያለውን ያስተካክሉታል፤ ግሪል ይለውጣሉ፣ መብራት ይለውጣሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ሞተር ይለውጣሉ። ላሜራ የሚጨፈልቀው ትልቁ ማተሚያና የበሩ፣ የጣራው፣ የወለሉ ቅርጽ የሚወጣበት ብረት እጅግ ውድ ነው፤ እርሱን ሳይነኩ ፊቱን ብቻ ቢለውጡ ወጪው ይቀላል፤ ገዢውም አዲስ መኪና ያየ ይመስለዋል።

ይህ ዘዴ የቆየ ነው። ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ከ1908 እስከ 1927 በመሠረቱ ሳይለውጥ 15 ሚሊዮን ሠርቶ ሸጠ። ጀኔራል ሞተርስ ግን በተቃራኒው በየዓመቱ ልብስ እንደሚለውጥ ጎረምሳ የመኪናውን መልክ መለወጥ ያዘ፤ በ1927ም ለመልክ ብቻ የቆመ ክፍል በሃርሊ ኧርል መሪነት አቋቋመ። ፎርድም በዚያው ዓመት ሞዴል ቲን ለማቆም ተገደደ። መልክ ገበያ እንደሚስብ ያን ጊዜ ተረጋገጠ።

ሕግም ፊት የሚያስለውጥበት ጊዜ አለ። የቀድሞውን ላንድ ሮቨር የምታስታውሱ ሰዎች፣ ሁለቱ መብራቶቹ እንደ ሁለት ዐይን ተቀራርበው ከግሪሉ መካከል ይታዩ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ከ1968 እስከ 1969 ባለው ጊዜ መብራቶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተለያይተው ከፓራፋንጎው ላይ ተተከሉ። ይህ የቁንጅና ነገር አልነበረም፤ የልዩ ልዩ አገሮች የመብራት ደንብ ስላስገደደ ነው። ከፊት የሚመጣ ሰው በጨለማ የመኪናውን ስፋት የሚለየው በሁለቱ መብራቶች ርቀት ነውና።

ወደ አክስቴ ልጅ መኪና ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ይህ ሞዴል 60 የሚባለው ሲሆን በ1980 ወጣ። ቱርቦ የተገጠመለት የናፍታ ሞተር የመጣው በ1985 ነው። አራት ማዕዘን የሆኑት አራት መብራቶች ደግሞ በ1987 ተከተሉ። ልብ አድርጉ፤ ሞተሩ ቀደመ፣ ፊቱ ኋላ መጣ። ከእርሱ በኋላ በ1990 ገበያ የወጣው 80 የተባለው ሞዴልም እንዲሁ ነው። በ1992 ትልቅ የቤንዚን ሞተር፣ ትልቅ ፍሬንና ከ15 ኢንች ወደ 16 ኢንች ያደገ ቸርኬ ተሰጠው፤ ግሪሉ የተለወጠው ግን በ1995 ነው። ፋብሪካው እንኳ ሁለት ጊዜ ልቡን አስቀድሞ ፊቱን አስከትሏል። እኛ ግን በጋራዥ ስንሠራው ብዙውን ጊዜ ከፊቱ እንጀምርና ገንዘቡ እዚያው ያልቃል።

ይህን ሁሉ ይዤ ተነሣሁ። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዶዶላንና አዳባን አልፋችሁ ዲንሾ ስትደርሱ ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያ ነውና የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሊመለከታችሁ ይችላል። ከዚያ ወዲያ የስንዴው ሜዳ ይዘረጋል፤ ሮቤም ከሜዳው መካከል ትገኛለች።

በማግስቱ ጠዋት ከሮቤ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምትርቀው ወደ ጎባ ሄድን። የአክስቴ ልጅ ባለቤትም ትምህርት ቤቷ ዝግ ስለ ነበረ አብራን መጣች። በጎባ አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ፤ የከተማው ሰው «አባባ» ይላቸዋል፤ እኛም እንዲሁ አልናቸው። ፎቶግራፉን በስልኩ አውጥቶ አዲሱን ፊት አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱና፣ «ቆንጆ ነው። መቼ ነው ሳነቲን የምትሻገሩት?» አሉ።

«ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ አባባ።»

«ስንት ሰው ጭነህ?»

«ሙሽራዋና ሚዜዎቿ፣ እኛም፤ ዘጠኝ እንሆናለን። ዕቃውም ፖርቶመጋላው ላይ ይሆናል።»

«እንግዲያስ ፊቷን ተወውና እግሯን አሳየኝ» አሉና ክሪክ አስመጡ።

ጎማው ወለቀ። የኋላው ታምቡር ሲከፈት የፍሬኑ ሸራ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። እኔ ማብራቱን እንደ ጤና ቆጠርሁት። እሳቸው ግን በጥፍራቸው ኳኳ አድርገው፣ «ይህ ተቃጥሎ የጠነከረ ነው፤ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም» አሉ። የፊቱም ዲስክ ተበልቶ ጠርዝ አውጥቷል። የፍሬኑ ዘይት እንደ ቡና ጠቁሯል። ከግራው የኋላ ባሌስትራ ሁለተኛው ቅጠል ተሰንጥቋል። በመጨረሻም የራዲያተሩን ክዳን ፈቱና ጎማውን በጣታቸው ሲነኩት ፍርፍር አለ። «ይህን ስንት ዓመት ሆነህ ሳታየው?» ሲሉት የአክስቴ ልጅ ዝም አለ።

ባለቤቱ ግን ዝም አላለችም። «አባባ፣ ባለፈው ክረምት ከሳነቲ ስንወርድ ፍሬኑ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ነበር፤ ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ነበር። ለማንም አልነገረም» አለች። እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የአክስቴ ልጅ መሬት መሬቱን አየ።

ይህ ለምን እንደ ደረሰ ለአንባብያን ልግለጽ፤ በደጋ ለምትነዱ ሁሉ ይጠቅማልና። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ነው። የሳነቲ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ከአምባው ላይ የሚነሣው የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ነው። ከአምባው ወደ ደቡብ ስትወርዱ በሪራ አልፋችሁ፣ የሐረናን ጫካ ሰንጥቃችሁ ዶሎ መና እስክትደርሱ ድረስ ከ2,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። በአንድ ግማሽ ቀን ከውርጭ ወደ ቡና ጫካ፣ ከቡና ጫካም ወደ ቆላ ሙቀት መግባት ማለት ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። መኪናዋ ከነሰዉና ከነዕቃው 2,500 ኪሎ ብትመዝን፣ 2,500 ሜትር ስትወርድ ክብደቷ የሚለቀው ኃይል 170 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ማለት ነው። ይህ ኃይል የትም አይጠፋም። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ ሾፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይይዘዋል። በነጻ ማርሽ ወይም በአራተኛ ከወረደ ግን አብዛኛው በአራት ጎማ ውስጥ ባሉት ጥቂት ኪሎ ብረትና ሸራ ላይ ይወርድባቸዋል። ሸራው ይቃጠላል፤ ዘይቱም ይፈላል።

የፍሬን ዘይት ጠባይ ደግሞ ልዩ ነው። ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደንቡ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ልክ 140 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት ይጨመቃልና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ባለፈው ክረምት የደረሰው ይኸው ነው። አራት ልጆች ከኋላ ተኝተው ነበር።

ወደ ላይ ስትወጡም ሌላ ፈተና አለ። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል፤ መቶ የፈረስ ጉልበት የነበረው ሳነቲ ላይ ስድሳ ቢቀረው ነው። ውሃም እዚያ ላይ በ87 ዲግሪ ይፈላል። ሞተሩ በደህና ጊዜ እንኳ ከ80 ዲግሪ በላይ እየሞቀ የሚሠራ በመሆኑ፣ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይፈላ የሚጠብቀው ያ ትንሽ ክዳን ነው። ጥሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የተፈረፈረ ክዳን ግን ድስት ላይ የተጣለ ጨርቅ ማለት ነው። ከመኪናዋ ዕቃ ሁሉ በዋጋ እጅግ ትንሹ፣ በሳነቲ ላይ ግን እጅግ ተፈላጊው እርሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ እንዲህ አለ፤ «እሺ ጋሼ፣ እውነት ነው። ግን ሰውም ዐይን አለው። ሰርጉ ላይ የሚያየው ክዳኑን አይደለም።» ይህንን አልናቅሁበትም። ለባለ መኪናም ለባለ ሰርግም መልክ ክብር ነው፤ ሊሸጥ ቢፈልግም ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። በባለቤቱ ፊት ደፍሮ መናገሩም የልጁን ክብር ስለ ወደደ ነው። አባባ ግን ሸራውን በእጃቸው እንደ ያዙ፣ «ልጄ፣ ሙሽራ የሚያምርባት ስትደርስ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ማንም ብዙ አልተናገረም።

ሌላም ነገር ተገኘ። ባለቤቱ የኋላውን በር ከፍታ በጎንና በጎን የተበየዱትን ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሳየችኝ። ቀበቶ የላቸውም። ልጆቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው የሄዱት በእነዚህ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ፊት ይለወጥ ከተባለ የእነዚህ ወንበሮች ፊት ይለወጥ፤ ወደ ፊት ይዙሩ፤ ቀበቶም ይኑራቸው» አለች። ይህን ሳልጠብቀው ነው የሰማሁት። የዕለቱ ትልቅ ቃልም እርሱ ነበር።

ስቴሽን ዋገን የሚለውን ስም ብትመረምሩትም ባለቤቱ ትክክል ናት። ቃሉ የመጣው ከባቡር ጣቢያ ነው። በአሜሪካ አገር መንገደኛውንና ሻንጣውን ከባቡር ጣቢያ ወደ ሆቴል የሚያደርስ፣ ኋላው ከእንጨት የተሠራ ሠረገላ መሰል መኪና ነበር። ኋላም ሙሉ ላሜራ ለበሰና የቤተሰብ መኪና ሆነ። ስሙ ራሱ የሚናገረው ስለ ፊት መብራት አይደለም፤ ሰውና ጓዝ በደኅና ስለ ማድረስ ነው። ስለዚህ የስቴሽን ዋገን እውነተኛ ፊት ኋላዋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በማታው ሮቤ ተመልሰን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። በአንድ በኩል የአዲሱ ፊት ዋጋ ተጻፈ። በሌላው በኩል የፍሬን ሸራ፣ የፊት ዲስክ፣ የፍሬን ዘይት፣ የባሌስትራው ቅጠል፣ የራዲያተር ክዳንና ጎማዎቹ፣ ወደ ፊት የሚዞሩት ወንበሮችና ቀበቶዎቹ በተራ ተጻፉ። ሁለቱ ሲደመሩ የቀኙ ከግራው ጥቂት አነሰ። በልዩነቱም ለክቦቹ መብራቶች አዲስ መስተዋትና ጥሩ አምፑል ይገዛል፤ የተዛገው ፓራፋንጎ ተፍቆ በቀድሞው ቀለም ይቀባል። ባለ 7 ኢንች ክብ መብራት በብዙ አሮጌ የጭነት መኪናም ላይ ስላለ በጎባም በሮቤም በቀላሉ ይገኛል። የአራት ማዕዘኑ አንዱ ቢሰበር ግን አዲስ አበባ ድረስ ሰው መላክ ይጠይቃል። ጭጋግ በሚበዛበት አምባ ላይ አንድ ዐይን ሆኖ ሳምንት መጠበቅ ቀልድ አይደለም።

እዚህ ላይ የአክስቴን ልጅ ያጽናናሁበትን ነገር ልንገራችሁ። ላንድ ክሩዘር 70 የሚባለው ሞዴል በ1984፣ የእርሱ መኪና በተሠራችበት ዓመት፣ ክብ መብራት ይዞ ወጣ። በ2007 አዲስ ሞተርና አዲስ ፊት ሲሰጠው ክቡን መብራት ተወው። በ2023 ደግሞ እንደገና ሲታደስ፣ አዲስ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ተገጠመለትና ፊቱ ወደ ክብ መብራት ተመለሰ። ፋብሪካው ዐሥራ ስድስት ዓመት ዞሮ ዞሮ ወደ ቀድሞው መልክ መጣ። «እንግዲህ አንተ ሳትለውጥ ዝም ብለህ ብትቆይ ፋሽኑ ራሱ ሮቤ ድረስ መጣልህ» ብለው ከት ብሎ ሣቀ። በስልክ ያልሣቀውን ያን ማታ ሣቀው።

ነገሩ ግን የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ተጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱን መንግሥት አስታወቀ፤ ዐይኑንም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዞረ። ይህ ከሆነ ዘንድ በየከተማው ያሉት የናፍታ ስቴሽን ዋገኖች ምትክ ስለማይመጣላቸው ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ትናንት እንደ እርጅና ይቆጠር የነበረው ዕድሜ ዛሬ እኩሌታ ሆኗል። ስለዚህ ስለ እድሳት ማሰብ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

መኪናችሁን ልታሳድሱ የተነሣችሁ አንባብያን ሁሉ ተራውን እንዲህ ብትይዙት መልካም ነው። መጀመሪያ የሚያቆመውን፣ ማለት ፍሬኑንና ጎማውን። ሁለተኛ የሚሸከመውን፣ ማለት ባሌስትራውንና መሪውን። ሦስተኛ የሚያቀዘቅዘውን፣ ከክዳኑ ጀምራችሁ። አራተኛ ሰው የሚቀመጥበትን፣ ከነቀበቶው። ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ካለ፣ ያን ጊዜ ፊቱን እንደ ወደዳችሁ አስውቡት፤ ማንም አይነቅፋችሁም። ተራውን ገልብጣችሁ ከፊቱ ብትጀምሩ ግን፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ይሆንባችኋል።

የሳነቲን መንገድ ለምትሄዱ አንድ ቃል ልጨምር። ቁልቁሉን በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ ውረዱ። የምትጠቅሙት ፍሬናችሁን ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ መንገዱም በሜዳቸው መካከል ያልፋል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እኛ የምናልፈው በሰው ቤት ግቢ ውስጥ እንደ ሆነ አስቡት።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስል የአክስቴ ልጅ መኪናዋን ከጎባ አምጥቷት ነበር። ሁለቱ ክብ መብራቶቿ ተወልውለው ያዩኛል። አዲስ ነገር አይታይባትም። ሙሽራይቱ ግን የኋላውን በር ከፍታ ወደ ፊት በዞረው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቀበቶውን ሳበችና ቀጭ አደረገችው። እናቷ ቆማ ታያት ነበር። «አሁን ሂጂ» አለቻት፤ ገና ወር የቀረው መሆኑን ረስታ።